ከበሩ የሚታየው

መጋቢት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.
ከዲጋ በላይ፣ ከቤታችን

ይድረስ ለልጄ ለሶረቲ ጨመዳ፣ ነቀምቴ

እንደምን ከረምሽ ልጄ? ባልሽ ገመቺስስ እንደምን አለ? እኛ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት ደህና ነን፤ ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። የስልኩ ማማ ሥራ ካቆመ ወዲህ አፌ ተለጉሞ ነው የከረመው። አባትሽ ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዝና «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል። ኔትወርኩን ከጣሪያው ላይ የሚለቅመው ይመስለዋል።

ቅዳሜ ለምን ቀረሽ ብለሽ በሾፌሩ በዋጋሪ ለላክሽብኝ ጥያቄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስንቄን ቋጥሬ፣ ነጠላዬን አጥቤ ነበር። ነገር ግን የበልጉ ዝናብ ሳናስበው ጣለና ሥራ አመጣብን። አምና ጎርፉ ከላይ መጥቶ ጓዳችንን እንዳጠበው አትረሺውም፤ ከቤቱ በላይ ያለው ቦይ ዘንድሮም ደለል ሞልቶት ነበር። ላሚቱም ወራቷ ገብቷል። ዝንጀሮውም ያው እንደምታውቂው ነው፤ ሰው ከቤት መራቁን ካየ ከነቤተሰቡ ይሰፍርብናል።

የማንጎው አበባ ረግፎ ፍሬው የጣት ጫፍ አክሏል። ዝናቡ ሲያባራ፣ በደዴሳ በኩል ያለው ጉም ሲነሣ፣ የዲጋ ቆርቆሮ ሁሉ ያብለጨልጫል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የቡናው አበባ ሽታ ቤት ድረስ ገብቶ አወደን። ልጅ ሆነሽ አበባውን በክር እየሰካሽ አንገትሽ ላይ ታደርጊው ነበር። አንድ ቀን ለአባትሽም አድርገሽለት፣ ረስቶት ጸሎት ቤት ይዞት ሄዶ መሳቂያ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰውነትሽ እንዴት ነው? እግርሽ ያብጣል? ሕፃኑ ይንቀሳቀሳል? ፊተኞቹ ሁለቱ ልጆችሽ የቀሩብን ሰባተኛው ወር ላይ ስለሆነ ያን ወር እፈራዋለሁ። ሰባት ሲገባ አጠገብሽ እሆናለሁ፣ እስክትወልጂም ከአልጋሽ አልለይም ያልኩሽ ቃል ቃል ነው። እስከዚያው ባልዲ አታንሺ፣ አትንጠራሪ፣ ዳገት አትውጪ። የሚያምሽ ነገር ካለም አትደብቂኝ። እናት የምትደነግጠው ስትሰማ ሳይሆን ሳትሰማ ነው።

ቀለሙ በየመሃሉ ስለሚቋረጥ ይቅርታ። ጎረቤታችን ባዩሽ ከዲጋ የገዛችልኝ እስክሪብቶ ነው፤ የማይረባ ነው።

እናትሽ የሺአረግ ጫንያለው


መጋቢት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.
ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ

ውድ እማዬ፣

አካም ጂርቱ? አባባስ? መጀመሪያ ስለ አማርኛዬ ይቅርታ። በቁቤ ብጽፍልሽ ቶሎ የምጨርሰውን፣ በፊደል ሲሆን የትኛውን «ሀ» እንደምጽፍ ሳስብ ይመሻል። አንቺ ደግሞ ቁቤ አላነብም ብለሽ ከማልሽ ቆየሽ።

ሕፃኑ ይንቀሳቀሳል ወይ ላልሽው፣ ይራገጣል እንጂ ይንቀሳቀሳል አይባልም። እግሬ አላበጠም። ጠዋት ጠዋት ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ እሄዳለሁ፤ የማስተምራቸው ልጆች ሆዴን እየነኩ «ማነው ውስጥ ያለው?» ይሉኛል። ገመቺስ ባልዲ አያስነካኝም። ወጥ መሥራትም ጀምሯል፤ ሽሮው ሲበርድ በቢላዋ ይቆረጣል፣ ግን ጎበዝ እያልኩ እበላለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። አዋላጇ ትንሽ ዕረፍት አድርጊ አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችኝም።

እኔን ያሳሰበኝ አባባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሩን ይዞ ከዋጋሪ ጋር ይመጣ ነበር። ዋጋሪን ብጠይቀው «ደብዳቤውን ዲጋ ሱቁ ደጃፍ ላይ ባዩሽ ናት የሰጠችኝ፣ ኦቦ ጨመዳን ካየሁት ቆየሁ» አለኝ። ለምንድነው የማይመጣው? ደግሞስ ምን እየበላችሁ ነው? መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን እየተዘጋ ዘይትና ጨው እንኳ ይደርሳችኋል?

ቀጠሮሽን አልረሳሁም። ሰባተኛው ወር እየገባ ነው። ሌሊት ሌሊት ስነቃ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እስኪራገጥ እጠብቃለሁ፤ ከቆየብኝ ገመቺስን እቀሰቅሰዋለሁ። አንቺ ብትኖሪ እሱም ይተኛ ነበር።

ለእስክሪብቶው አትጨነቂ፤ የኔም ያስቸግረኛል።

ልጅሽ ሶረቲ


መጋቢት 25 ቀን 2014 ዓ.ም.
ከዲጋ በላይ

ልጄ ሶሬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ለገመቺስም ንገሪልኝ። ወጥ የሚሠራን ባል ምራቄን እንትፍ ብዬ እመርቀዋለሁ፣ ሽሮው ግን ውኃ ይጨመርበት።

አባትሽ ያልመጣው ቤቱን ጥሎ መሄድ ስላልሆነለት ነው። ሥራው በዝቷል፤ ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለውም።

ላሚቱ ወለደች። ሴት ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። በረቱ ደጃፍ ላይ ለመቆም ስትሞክር ጠዋቱን ሙሉ አየኋት፤ ትቆምና ትወድቃለች፣ ትቆምና ትወድቃለች። እኔ ነኝ ያላበኝ። በመጨረሻ ስትቆም እልል አልኩ፣ ባዩሽ ምን ተገኘ ብላ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። ዝንጀሮው ደግሞ ማንጎው ላይ ወጥቶ ያልበሰለውን እየነከሰ ይጥላል። ከዚህ ሆኜ ጮህኩበት። ዞር ብሎ አየኝና መንከሱን ቀጠለ፤ ድሮ ድምፄን ሲሰማ እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። ትናንት ወደ ማታ በረዶ ጣለ፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ደጃፋችን ላይ ጉድጓድ ሠርቷል።

ምን ትበላላችሁ ላልሽው፣ ጥጋብ ነው፣ አታስቢ። ባዩሽ፣ አምላክ ውለታዋን ይክፈላት፣ አንቺ ያገባሽ ዓመት የተከልነውን ያንን የአንጮቴ እናት ቆፍራ አወጣችው። የሕፃን ራስ አክሎ ነበር። ቀቅላ፣ ልጣ፣ በቅቤ ለውሳ ስታቀርበው ቤቱ በመዓዛው ሞላ። ስለዚህ እኛ አልተራብንም፤ ራስሽን ብቻ ጠብቂ።

የመምጣቴን ነገር፣ ልጄ፣ ትንሽ ታገሺኝ። ከፋሲካ በኋላ ይሻላል። ምክንያቱን ስንገናኝ እነግርሻለሁ። ይህን ስጽፍ ምን ያህል እንደማፍር ብታውቂ አትቀየሚኝም።

እናትሽ


ሚያዝያ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.
ነቀምቴ

እማዬ፣

ሰላምታ ሳላበዛ ልጠይቅሽ። አጥንቱ የተሰበረው ማነው?

አንጮቴ እኮ ነው። ወለጋ ያደገ ሰው የማያውቀው ነገር ነው ወይ? እናቲቱ መሬት ውስጥ ዓመታት የምትቀመጠው ለዘር ነው፤ ለረሃብ ብሎ የሚያወጣት የለም። ከወጣችም የምትወጣው ወይ ለአራስ ነው፣ ወይ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ነው። ያቺ ደግሞ የኔ ናት። በሠርጌ ማግስት «ይቺ ለመጀመሪያ ልጅሽ፣ የምትነካው ስትወልጂ ብቻ ነው» ብለሽ በእጅሽ ተከልሻት፤ ሁለቱን ልጆቼን ቀብሬ ስመጣም እንኳ አላስነካሽኝም። እኔ ገና አልወለድኩም።

በቅቤ ለውሳ አልሽ። ሁዳዴ ነው። አንቺ በሁዳዴ ቅቤ አፍሽ ከገባ ሰማይ ይወድቃል፤ ወባ አንዘፍዝፎሽ ወተት ጠጪ ስንልሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ያዞርሽ ሰው ነሽ። አባባ ግን አይጾምም። ስለዚህ የበላው አባባ ነው። ስለዚህ ነው ቅዳሜ የማይመጣው። ስለዚህ ነው «ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለውም» ያልሽው። ያንን ዋንዛ አትውጣ፣ ዕድሜህ ገፍቷል ብዬው ነበር። ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ወድቋል።

እግሩ ነው ወይስ ወገቡ? ይናገራል? ወይስ ከዚህም የባሰ ነው? እኔ እንዳልደነግጥ ብላችሁ ዝም ያላችሁት ነገር አለ? «የፈሩት ይደርሳል» ስትዪ ሰምቼሽ አድጌያለሁ፤ እኔ የፈራሁት ይህን ነበር። ገመቺስ «ምግብ ነው፣ ሰው አንጮቴ ይበላል» ይለኛል። ነጆ ተወልዶ እንዲህ ሲል አያፍርም።

አባባ በገዛ እጁ ይጻፍልኝ። አማርኛው ቢሳሳት ግድ የለኝም፤ የእጁን ጽሑፍ አውቀዋለሁ። እስካየው ድረስ እንቅልፍ የለኝም።

ሶረቲ


ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.
ከዲጋ በላይ

ልጄ፣

ሟርት ከአፍሽ ይራቅ! አባትሽ ከየትም አልወደቀም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል አሉ፤ እኔን የከዳኝ እስክሪብቶ ነው። አንጮቴ በላን ብል ይህን ሁሉ ክምር ከመርሽበት። እርጉዝ ሴት እንቅልፍ ካጣች ልጁም ያጣል፤ ተይ፣ እባክሽ ተይ።

ይኸው ወረቀቱን ሰጥቼዋለሁ። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ላቡ እየወረደ ነው፤ ቀፎ መስቀል ይቀለው ነበር።

እናትሽ

ለልጄ ለሶረቲ። አካም ጂርታ? እኔ አባትሽ ጨመዳ ነኝ። በጌታ ጤነኛ ነኝ። ሁለቱም እግሬ ደህና ነው። ሁለቱም እጄ ደህና ነው። ወገቤም ደህና ነው። ትናንት ዋንዛው ላይ ወጥቼ ቀፎ ሰቅዬ ወረድኩ። አንጮቴውን እኔ አልቀመስኩም። የጌታ ሰው ውሸት አይጽፍም። ስለ እኔ የጠየቅሽኝን መለስኩልሽ። ስለ ሌላ ሰው አልጠየቅሽኝም። ሌላ እንዳልጽፍ ቃል አስገብታኛለች። ወረቀቱን እሷ ሳታየው ራሴ አጥፌ ለባዩሽ እሰጣለሁ። ዋቃዮ ስ ሃ ኤቢሱ፣ ኢንተላ ኮ፤ ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ።


ሚያዝያ 13 ቀን 2014 ዓ.ም.
ነቀምቴ

እማዬ፣

አንቺ ነሽ።

አባባን አትቆጪው፣ ቃሉን አላጠፈም። ጤነኛ ነኝ ብሎ ስለ ራሱ ብቻ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን አንብቤ ጌታን አመሰገንኩ፣ ገመቺስም «አላልኩሽም?» አለ። ከዚያ ግን ማሰብ ጀመርኩ። አባባ ካልበላው ማን በላው?

ደብዳቤዎችሽን እንደገና አነበብኳቸው። ማንጎው፣ በረቱ፣ የዲጋ ቆርቆሮ፣ ጥጃዋ ስትቆም፣ ደጃፉ ላይ ያለው ጉድጓድ። ሁሉም ከበሩ የሚታይ ነው። የቡናው አበባ ሸተተኝ አልሽ እንጂ አየሁት አላልሽም። የቤት ሥራ ሠርተሽ የማታውቂ ይመስል ውኃ ስለምትቀጂበት ምንጭ አንድ ቃል የለም። ቦዩን ጠረግነው አላልሽም፤ ሞልቶ ነበር ብለሽ ዝም አልሽ። ዝንጀሮውን በድንጋይ ታባርሪው የነበርሽ ሴት ከተቀመጥሽበት ጮህሽበት። አባባ አልጋሽን ወደ በሩ አዙሮልሻል፣ አይደለም?

ቀለሙስ? የኔም እስክሪብቶ በየመሃሉ ቀለሙ ይቋረጣል። በጀርባ ተኝተው ወደ ላይ ሲጽፉበት ነው እንዲያ የሚያደርገው።

እንዴት አወቅሽ አትበይኝ። መዋዕለ ሕፃናት የሚባል ቦታ ከሄድኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ደም አየሁ እማዬ። አዋላጇ «ይህን ልጅ ከፈለግሽው እስክትወልጂ ከአልጋ አትውረጂ» አለችኝ። ወደ ጓሮ የሚወስደኝ እንኳ ገመቺስ ነው። ሽሮውን የሚሠራውም ለዚህ ነው። ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ በተዘጋ መንገድ በእግርሽ ትመጪ ነበር፤ አውቅሻለሁ።

ያስፈራኝ ስብራቱ አይደለም። በሁዳዴ መግደፍሽ ነው። አንቺ ቅቤ እስክትበዪ ድረስ ያደረሰሽ ሕመም ምን ዓይነት ነው? እውነቱን ጻፊልኝ። ከእንግዲህ «ደህና ነን» ካልሽኝ አላምንሽም።

ሶረቲ


ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.
ከዲጋ በላይ

ልጄ፣ ልጄ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ደብዳቤሽን ባዩሽ ያመጣችልኝ በቅዳሜ ሹር ነው፤ በዓሉን ያሳለፍኩት እያለቀስኩ ነው፣ መሳቄም ግን አልቀረም። እናትና ልጅ በጀርባችን ተኝተን፣ እኔ ጥጃ ሳሯሩጥ አንቺ ልጆች ስታስተምሪ፣ ወደ ጣሪያ እየጻፍን ስንዋሽ እንደነበር አስቢው። አባትሽ ስነግረው «እኔ ዝም ብዬ ነበር» አለ። እውነቱን ነው፣ አንድም ቃል አልዋሸም፤ ለዚህ ነው ያኮረፍኩት።

እውነቱ ይኸውልሽ። ወደ አንቺ ልመጣ ስንቄን ቋጥሬ፣ ቦዩን ሳልጠርግ ብሄድና ጎርፍ ቢገባ አባትሽ ብቻውን ምን ይሆናል ብዬ ወጣሁ። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አላልቶት ነበር። የቆምኩበት ድንጋይ ከነነፍሴ ይዞኝ ወረደ። ቅልጥሜ ነው፣ የግራው። ወጌሻው ኦቦ ጂሩ መጥቶ አቃንቶ በቀርከሃ አሰረልኝ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አልታሰበም። መጀመሪያ ላይ ቁስሉ አመረቀዘና ትኩሳት አቃጠለኝ፤ አንድ ሰሞን ሰው መለየት አቅቶኝ ባዩሽን በእናቴ ስም ስጠራት ነበር አሉ። ያኔ ነው የነፍስ አባቴ ዳገቱን ወጥተው «የሺአረግ፣ ይህ ጾም ሳይሆን ራስን መግደል ነው» ብለው ያስገደፉኝ። ቅቤው በጉሮሮዬ ሲወርድ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ግን ለጾሙ ብቻ አልነበረም። ያንን አንጮቴ ላንቺ ነበር የተከልኩት፤ የልጄን የአራስ ድርሻ በላሁባት።

አሁን ትኩሳቱ ለቆኛል። እግሬን ግን ገና መሬት አላስረግጥም። ኦቦ ጂሩ ቸኩለሽ ከቆምሽ ዳግመኛ አላቃናሽም ብሎ ምሎብኛል።

ለምን ደበቅሽ እንዳትዪኝ። ሁለቱን ጊዜ አስቢ። ብነግርሽ ትነሺ ነበር። ተነሥተሽ ሦስተኛውም ቢቀር፣ እኔ ድኜ ምን እሠራበታለሁ?

ቃሌን አጠፍኩ ልጄ። ሰባተኛው ወር ያለ እኔ አለፈልሽ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን አለፈ፤ ስትወልጂም ሳልኖር ነው። ይህ ከእግሬ ይልቅ ያመኛል። አንቺን ስወልድ የታጠቅሁትን መቀነት በዋጋሪ ልኬልሻለሁ፤ እሱን ታጠቂና እኔ አለሁ በይ። አልጋሽን አትልቀቂ። በምንም ምክንያት ወደዚህ እንዳትመጪ። ጡት የሚጠባ ልጅ ይዘሽ እስክትጽፊልኝ እዚሁ በሩ ሥር ተኝቼ እጠብቃለሁ።

እናትሽ


ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.
ከዲጋ በላይ

ሶሬ፣

መልስ አልመጣልኝም። ዋጋሪም አልታየም። ባዩሽ ሱቁ ጋ እየወረደች ትጠብቃለች፣ እጇን እያወዛወዘች ትመለሳለች። ገና ማንጎው ጋ ሳትደርስ ከአረማመዷ አውቀዋለሁ።

ማንጎው በስሏል። ማታ ማታ የሌሊት ወፍ ይወርድበታል፤ ጠዋት ደጃፉ ቢጫ ሆኖ ይቆያል። ጥጃዋ እስከ መድረኩ ትመጣና አንገቷን አስገብታ ታየኛለች። በልደታ ዕለት ንፍሮ ተቀቅሎ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ከዛፉ ሥር ሲመርቁ ከዚህ ሆኜ አሜን አልኩ። ለልደታ ማርያም የተሳልኩትን ለማንም አልነግርም፣ ላንቺም ጭምር።

መቀነቱ ደርሶሻል? ይንቀሳቀሳል? አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። አማርኛው ካስቸገረሽ በቁቤ ጻፊው፤ አባትሽ ያነብልኛል።


ግንቦት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.
ከዲጋ በላይ

ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ይድረስሽ አይድረስሽ አላውቅም። ሌላ የማደርገው ስለሌለ እጽፋለሁ።

ዛሬ ማለዳ ዓይኔን ስገልጥ ሰዎች ዳገቱን ሲወጡ በበሩ በኩል አየሁ። ብዙ ናቸው። ማንም አይነጋገርም። ኦቦ ጂሩ ፊት ፊት ነው፣ ከኋላው ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው። እንዲህ ማለዳ ተሰብስቦ ዝም ብሎ ወደ ሰው ቤት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ማንጎው ጋ ሳይደርሱ ጮህኩ። «ልጄን! ሶሬን!» ብዬ ፀጉሬን ያዝኩ፣ ከአልጋው ልወርድ ስል አባትሽ ሮጦ ይዞኝ እንጂ እግሬ አሁን ሁለተኛ ተሰብሮ ነበር። ከታች ያሉት ሴቶች ጩኸቴን ሲሰሙ እነሱም ጮኹ። ምን ሆና ነው ሳይሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ።

በቆሎ ሊዘሩልን ነው የመጡት። ደቦ። አባትሽ ብቻውን ስለቀረ ኦቦ ጂሩ ሰው አሰባስቦለት ነው፤ አባትሽ ሊያስደስተኝ ብሎ አልነገረኝም። ያልተነጋገሩት ዳገቱ ትንፋሽ ስላሳጣቸው ነው። ዶማውን በሌላው ትከሻቸው ስለያዙት አላየሁትም። ሲገባኝ ሳቅሁ፣ እነሱም ሳቁ፣ ቀኑን ሙሉ ሲዘሩ «የሺአረግ አልቅሳ አስለቀሰችን» እያሉ ሲቀልዱ ዋሉ።

ለባዩሽም ለአባትሽም ነግሬያቸዋለሁ። ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት የሚመጣ ሰው፣ ደግ ይዞ ይምጣ ክፉ፣ አስቀድሞ ይላክብኝ። በዚህ በር ድንገት ሰው ማየት አልችልም።

ሶሬ፣ አለሽ ወይ?


ግንቦት 17 ቀን 2014 ዓ.ም.
ዲጋ፣ ከሱቁ

እማዬ፣

እንደ ትእዛዝሽ አስቀድሜ ልኬብሻለሁ።

ሁለቱንም ደብዳቤዎችሽን አንድ ላይ ያገኘኋቸው ትናንት ነው፣ መንገዱ ሲከፈት። ዋጋሪ ኪሱ ውስጥ ላብ አርሷቸው ሰጠኝ። ስለ ደቦው ያልሽውን አንብቤ ልብሴን መሰብሰብ ጀመርኩ። ገመቺስ «ያምሻል?» አለኝ። እናቴ በቁሜ አልቅሳልኛለች፣ አሁን ምን ያመኛል አልኩት።

አራስ ከቤት አትወጣም ትዪኛለሽ። ፀሐይ ይመታታል፣ ነፋስ ይገባታል፣ ትዪኛለሽ። ሁሉንም አውቃለሁ፣ ቀስ ብለሽ ትቆጪኛለሽ። ከነቀምቴ እስከ ዲጋ ዋጋሪ መኪናውን እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው የነዳው። ከዚህ ወደ ላይ በባዩሽ በቅሎ ነው። መቀነትሽን ታጥቄያለሁ፤ በምጥ ጊዜም ታጥቄው ነበር፣ እኔ አለሁ በይ እንዳልሽኝም ብያለሁ። አሁን ደግሞ ቢላዋ ሸጉጬበታለሁ። ገመቺስ ሳቀብኝ፣ እኔ ግን የአንቺን ቁጣ ከእሱ ሳቅ ይበልጥ እፈራለሁ።

በልደታ ማግስት ነው የመጣችው። ከቀኗ ከወር በላይ ቀደመች። ስትወጣ አላለቀሰችም፤ ሁለቱም አላለቀሱም ነበርና ገመቺስ ወደ ግድግዳው ዞረ። አዋላጇ እግሯን ይዛ ስትመታት ግን ጮኸች፣ እማዬ፣ ዝንጀሮ የሚያባርር ጩኸት ነው። ትንሽ ናት። ጡት ትይዛለች። ስም አላወጣንላትም፤ አንቺን ስትጠብቅ ነው።

አንጮቴዬን በላሁብሽ ብለሽ አልቅሰሻል። እኔ ልሰማው የፈለግሁት አንቺ እንደዳንሽበት ነው። አዲስ ዘር ይዤ መጥቻለሁ፤ ጉድጓዱ እንዳለ ነው ብላኛለች ባዩሽ። ቃልሽን አላጠፍሽም። አንቺ ወደ አልጋዬ መምጣት ካልቻልሽ፣ እኔ ወደ አልጋሽ መጣሁ። አብረን እንተኛለን፣ አባባም ለሁለታችን ያበስላል።

ባዩሽ ነግራው አባባ ስለ መምጣታችን ከጠዋት ጀምሮ ያውቃል፤ ዲጋ ድረስ ወርዶ ተቀብሎናል። ያልነገረሽ አስምዬው ነው። ቡናውን ሊያይ ወጣ ብለሽ ከሆነ እሱ አላለም፣ አንቺ ነሽ ያሰብሽው።

ይህን ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። ቀለሙ አንድም ቦታ አልተቋረጠም፣ እይው። ባዩሽ ወረቀቱን ስትሰጥሽ እኛ ከኋላዋ ነን። አትነሺ። እግርሽን እንዳታንቀሳቅሺው። ዝም ብለሽ ቀና በይና በሩን እይ። ማንጎው ሥር አባባ የታቀፋት እሷ ናት።

ሶረቲ